ጀርባዬን ያቃናልኝ የአክራው ሆስፒታል

ባለፈው ወር እርስ በርስ የማይተዋወቁ ሁለት እናቶች በተለያየ ቀን ሱቄ ድረስ መጥተው አንድ ዓይነት ጥያቄ ጠየቁኝ። «የልጄ ጀርባ እየተጣመመ ነው። አንቺ ጋና ሄደሽ ነው አሉ የታከምሽው፤ እውነት ያድናሉ?» ሜትር አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ፣ ደንበኛ ቆሞ እየጠበቀኝ፣ የመለስኩላቸው ሁሉ ተቆራርጦ ቀረ። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ልጻፈው።

የታከምኩት ፎኮስ በሚባለው ሆስፒታል ነው፤ ከአክራ ከተማ ዳር፣ ፓንታንግ የሚባል ቦታ። ጊዜው 2008 ዓ.ም. ነበር፤ ዕድሜዬ 17።

ያደግኩት ደብረ ታቦር አካባቢ ነው። ከ9 ዓመቴ ጀምሮ ጀርባዬ ወደ ቀኝ እየተጣመመ ሄደ። እናቴ ቀሚስ ስታሰፋልኝ ሰፊውን «ከኋላ በቀኝ በኩል ሦስት ጣት ጨምርበት» ትለው ነበር፤ ጉብታው ጨርቁን ወደ ላይ ስለሚሰበስበው ጠርዙ እኩል እንዲወርድልኝ። ስለ ጀርባዬ ለባዕድ ሰው የምትናገረው ይህንኑ ብቻ ነበር። ጸበል ገባሁ፣ ወጌሻ አሸኝ። አንድ ክሊኒክ ደግሞ፣ ስሙን አልጠራም፣ ውስጡ ብረት ያለበት ቀበቶ ሸጠልን፤ አባቴ ለዚያ ብሎ በሬ ሸጧል። ሁለት ዓመት ሌት ተቀን ታጠቅኩት። እንዲህ ያለው ድጋፍ፣ ብሬስ የሚሉት፣ የሚጠቅመው ልጁ ገና እያደገ ሳለ፣ ጥመቱም ከ25 እስከ 40 ዲግሪ አካባቢ ሲሆን መሆኑን የሰማሁት በኋላ ነው። የእኔ ያኔ ያንን አልፎ ሄዷል። ራጁን አይቶ ለአባቴ እውነቱን የሚነግረው ሰው መጥፋቱ ዛሬም ያንገበግበኛል።

እውነቱን የሰማነው አዲስ አበባ ነው። አሜሪካዊው ዶክተር ሪክ ሆድስ ስድስት ኪሎ በሚገኘው የማዘር ትሬዛ ቤት የጀርባ ሕሙማንን ለብዙ ዓመታት ሲያዩ የኖሩ ሰው ናቸው፤ በእሳቸው በኩል ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ኢትዮጵያውያን ሕሙማን ወደ ጋና ሲላኩ ቆይተዋል። ወረፋ ስጠብቅ አጠገቤ ከነበሩት ገሚሶቹ እንደ እኔ ምክንያቱ ያልታወቀ ስኮሊዮሲስ፣ ማለትም የጀርባ አጥንት ወደ ጎን መጣመም፣ ነበረባቸው፤ ሌሎቹን የአከርካሪ ቲቢ አጥንታቸውን በልቶ ወደ ፊት አጥፏቸዋል። የእኔ ራጅ ሲለካ 112 ዲግሪ ሆነ። ከጥመቱ ላይኛውና ታችኛው ጫፍ በጣም ባጋደሉት አጥንቶች ልክ መስመር ይሰመርና በመካከላቸው ያለው ማዕዘን ይለካል፤ ኮብ አንግል ይሉታል። 10 እና ከዚያ በላይ ሲሆን ስኮሊዮሲስ ይባላል፤ 45 ወይም 50 ሲያልፍ ስለ ቀዶ ጥገና ይታሰባል። በእኔ ልክ ሲደርስ ሳንባም መላወሻ ያጣል። ዳገት ስወጣ ትንፋሽ የሚያጥረኝ ለካ ከስንፍና አልነበረም።

ሆስፒታሉን የመሠረቱት ዶክተር ኦሄኔባ ቦአቺ-አጄ ኩማሲ የተወለዱ ጋናዊ ናቸው። ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ተምረው፣ በኒውዮርኩ ሆስፒታል ፎር ስፔሻል ሰርጀሪ የስኮሊዮሲስ አገልግሎት ኃላፊ ሆነው ሠርተዋል፤ ስኮሊዮሲስ ሪሰርች ሶሳይቲ የሚባለው የአከርካሪ ሐኪሞች ማኅበር ፕሬዚዳንትም ነበሩ። ፎኮስን በድርጅትነት ያቋቋሙት በ1998 ነው፤ 50 አልጋ ያለው ሆስፒታል የተከፈተው በ2012፣ ሁለቱም በፈረንጅ አቆጣጠር። እዚያው ኒውዮርክ ተከብረው መኖር ሲችሉ ወደ አገራቸው መመለሳቸውን ሳስብ ሁልጊዜ እመርቃቸዋለሁ።

ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ስለ ቀዶ ጥገናው ነው። እኔ ግን ከሁሉ አስበልጬ የማመሰግነው ከቀዶ ጥገናው በፊት ያሳለፍኳቸውን 105 ቀናት ነው። እንደ እኔ ያለ ጥመት በአንድ ቀን ልቃና ቢባል ኅብለ ሰረሰር ሊጎዳ፣ ሰው ሽባ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ቀስ እያሉ ይስቡታል። በማደንዘዣ ተኝቼ ስነቃ ራሴን ዙሪያውን የከበበ የብረት ቀለበት ነበር፤ በትንንሽ ብሎኖች ከራስ ቅሌ አጥንት ጋር ተይዟል። ከቀለበቱ ላይ የተነሳው ገመድ በመዘውር አልፎ ወደ ኋላ ይወርድና ጫፉ ላይ ክብደት ይንጠለጠልበታል። ዊልቸር ላይ ስቀመጥ፣ በዎከር ስራመድ፣ ስተኛም ገመዱ አይለየኝም። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ሌሊቶች አለቀስኩ፤ የብሎኖቹ ቦታ ሲጸዳ ያማል፣ አንገትም ይከብዳል። በአራተኛው ቀን ለቀቀኝ።

ክብደቱ በጥቂት ኪሎ ተጀምሮ ቀስ በቀስ ተጨመረ። እኔ 34 ኪሎ ነበርኩ፤ መጨረሻ ላይ ገመዱ 16 ኪሎ ተሸከመ። በተጨመረ ቁጥር ነርሷ ፊት ለፊቴ ትቆምና ጣቷን ወዲያና ወዲህ እያደረገች በዓይኔ እንድከተላት ታደርጋለች። ምላሴን አወጣለሁ፣ ምራቄን እውጣለሁ፣ እጇን ጨብጬ እጎትታለሁ፣ የእግሬን ጣቶች አንድ በአንድ አንቀሳቅሳለሁ። አንድ ቀን ግራ እጄን ደነዘዘኝ አልኩ። ወዲያው ክብደቱን ቀነሱት፤ ለሁለት ቀን ሳይጨምሩበት ቆዩ። «ትንሽ ነው ቻይው» ያለኝ ሰው አልነበረም። እስከዚያን ቀን ድረስ ስለ ሰውነቴ የተናገርኩትን የሰማኝ ሐኪም አላጋጠመኝም ነበር።

ነርሶቹ ከእኛ ከኢትዮጵያውያኑ «አይዞሽ» የምትለውን ቃል ለምደዋል፤ ለወንዱም ለሴቱም «አይዞሽ» ይላሉ። እኛም በእነሱ ቋንቋ «ሜዳሴ» ብለን ማመስገን ተማርን። ኬንኬ የሚሉት ምግባቸው የበቆሎ ሊጥ ቦክቶ የሚሠራ ነው፤ ኮምጠጥ ማለቱ እንጀራን ያስታውሳል፤ በርበሬ ባይኖረው ኖሮ አልበላውም ነበር።

አንድ ነገር በተለይ ልንገራችሁ። እዚያ ሕክምናና ምርምር አብረው ነው የሚሄዱት። ከቀዶ ጥገናው በፊት 22 ጥያቄ ያለው ወረቀት ሰጡኝ፤ የስኮሊዮሲስ ሕሙማን በሌሎች አገሮችም የሚሞሉት መጠይቅ ነው። አብራኝ የሄደች እንግሊዝኛ የምትችል ልጅ ተረጎመችልኝ። ስለ ሕመም ይጠይቃል፣ ስለ ሥራ ይጠይቃል። አንደኛው ጥያቄ፦ ቀሪ ሕይወትሽን በዚህ በአሁኑ የጀርባሽ ቅርጽ ብትኖሪ ምን ይሰማሻል? የሚል ነበር። ከአምስቱ መልሶች የመጨረሻውን፣ በጣም አዝናለሁ የሚለውን፣ ከማክበቤ በፊት ብዙ ቆየሁ። እናቴ እንኳ ጠይቃኝ አታውቅም፤ መልሱን ስለምትፈራው ይመስለኛል።

ስለ ቀዶ ጥገናው ያለኝ ትዝታ ጥቂት ነው። ሰባት ሰዓት ገደማ ፈጀ። አጥንቶቼ ላይ ብሎን አስገብተው በሁለት ዘንግ አሰሩት። ተኝቼ ሳለሁ ከጭንቅላት ወደ እግር የሚሄደው መልእክት እንዳልተቋረጠ በመሣሪያ ይከታተሉ ነበር። ስነቃ መጀመሪያ የሰማሁት የእግሬን ጣቶች እንዳንቀሳቅስ ሲጠይቁኝ ነው። ተንቀሳቀሱልኝ።

112 የነበረው ከስበቱ በኋላ 80፣ ከቀዶ ጥገናው በኋላ 52 ሆነ። ቁመቴ 9 ሳንቲሜትር ጨመረ። እንግዲህ ሙሉ በሙሉ ቀጥ አላልኩም፤ ይህን ሳልናገር ባልፍ እናቶቹን ማታለል ይሆንብኛል። ወገቤ እንደ ድሮው አይታጠፍም፤ ዕቃ ከመሬት የማነሳው ቁጢጥ ብዬ ነው፤ የመቁረጫ ጠረጴዛዬንም ከፍ አድርጌ አሠርቼዋለሁ። አደጋ የሌለው ቀዶ ጥገናም አይደለም። ሐኪሞቹ ራሳቸው ሽባ መሆንም፣ ከዚያ የባሰም ሊመጣ እንደሚችል አስቀምጠው ነገሩኝ፤ የፈረምኩት ይህን ሰምቼ ነው።

አገሬ ስመለስ እናቴ ያን ቀሚስ አለበሰችኝ። በቀኝ በኩል ከግራው ረዝሞ ወረደ። መቀስ ይዛ መጣች፤ ዓይኗ እንባ ሞልቶት ስላላየላት ጠርዙን የፈታሁት እኔ ነኝ። ከዚያን ቀን በኋላ ነው ስፌት ለመማር የቆረጥኩት።

ለጠየቃችሁኝ እናቶች፦ መጀመሪያ ጋና አትበሉ። አሁን አዲስ አበባም አከርካሪ የሚሠሩ ኢትዮጵያውያን ሐኪሞች አሉ፤ ከእነሱ ጀምሩ። ራጁን ልጅቷ ቆማ ትነሳ፤ ተኝታ ስትነሳ ጥመቱ ከእውነተኛው አንሶ ይታያል። ቤት ውስጥ ደግሞ እግሯን ገጥማ ወደ ፊት ጎንበስ ትበልና ከኋላ ሆናችሁ ተመልከቱ፤ አንዱ ወገን ከሌላው ከፍ ካለ አትቆዩ።

እኔም ዩኒፎርም ስለካ ይህን አያለሁ። ባለፈው መስከረም የ12 ዓመት ልጅ ስለካ ቀኝ ትከሻዋ ከፍ ብሎ ወገቧ በአንድ በኩል ገብቶ አየሁ። እናቷን ለብቻ ጠርቼ ነገርኳት፤ መጀመሪያ ተቆጣችኝ። ራጁ 28 ዲግሪ አሳየ። ልጅቷ አሁን ብሬስ ታደርጋለች፤ ከላይ የምትለብሰውን ሸሚዝ ሰፋ አድርጌ የሰፋሁላት እኔ ነኝ።