ቢግፉት፦ ስንት ዓመት ቢቀመጥ ይሻላል?

ለአብዛኛው ቢራ መልሱ አጭር ነው፤ አይቀመጥም፣ ትኩሱን ጠጡት። ቢግፉት ግን ከዚህ ደንብ ውጭ ከሚሆኑት ጥቂቶች አንዱ ነው። የካሊፎርኒያው ቢራ ጠማቂ ሴራ ኔቫዳ እ.ኤ.አ. ከ1983 ጀምሮ የሚጠምቀው ባርሊዋይን ነው፤ ማለትም ብቅሉ የበዛ፣ ኤል ከሚባለው የቢራ ዓይነት ጠንካራው። አልኮሉ 9.6 በመቶ፣ የምሬት መለኪያው 90 ነው። አገር ቤት የለመድነው ላገር የሚባለው ቢራ አልኮሉ 5 በመቶ ገደማ፣ ምሬቱም የዚህን ሩብ ቢደርስ ነው። በብርዱ ወራት በ355 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ይወጣል፤ ዓመቱ ስለሚታተምበት ዕድሜውን መገመት አያስፈልግም።

የዘንድሮውን ስትከፍቱ መጀመሪያ የሚመታችሁ የካስኬድ፣ የሴንቴኒያልና የቺኑክ ሆፕስ (ለቢራ ምሬትና ሽታ የሚሰጥ አበባ) ሽታ ነው፤ የግሬፕፍሩት ልጣጭና የጥድ ሙጫ። ምሬቱ ጌሾ የበዛበት ጠላ የለመደውን እንኳ ያስደነግጣል። ብቅሉ ከሥር አለ፣ ግን አፉን አይከፍትም። መጥፎ አይደለም፤ ገና አልተስማማም።

የእኛ ምርጫ ከ3 እስከ 5 ዓመት የተቀመጠው ነው። ቀድሞ የሚጠፋው የሆፕሱ ሽታ ነው፣ ምክንያቱም ዘይቶቹ በቶሎ ይበላሻሉ። ምሬቱ በዝግታ ይከተላል፤ ይለዝባል እንጂ አይጠፋም። በቆርኪው በኩል ቀስ እያለ የሚገባው ጥቂት ኦክስጅን ደግሞ ብቅሉን ይለውጠዋል። ብርጭቆው ውስጥ መዳባዊ የነበረው ቀለም ወደ ቡናማ ያደላል፤ አረፋው ዝቅ ብሎ ጠርዙ ላይ ቀለበት ይሠራል። አፍንጫ ላይ ዘቢብ፣ ቴምርና ሊቃጠል የደረሰ ስኳር ይመጣል፤ ሲዋጥ ጣፋጩን የቀረችው ምሬት ትቆርጠዋለች። አልኮሉ አልቀነሰም፣ ጉሮሮ የሚያቃጥለው ስሜት ግን ረግቧል። ይህ ሚዛን ነው ለመጠበቅ የሚያበቃው።

10 ዓመት ካለፈው በኋላ ዕጣ ነው። ጥሩ ከሆነ ሼሪ የሚባለውን ወይን ይመስላል። ካልሆነ ርጥብ ካርቶን ይሸታል፣ ይህም የኦክስጅን ሥራ ነው፤ ወይም የሶይ ሶስ ጨዋማነት ያመጣል፣ ይህ ደግሞ ከታች የተኛው እርሾ ሞቶ ሲፈራርስ ነው። ጋዙም ብዙ ጊዜ ደክሟል። የእንግሊዙ ባርሊዋይን የቶማስ ሃርዲ ኤል እ.ኤ.አ. በ1968 ሲወጣ 25 ዓመት ይቆያል ተብሎለት ነበርና «ባርሊዋይን ሁሉ እንደዚያ ነው» የሚል ሰው አይጠፋም። የቢግፉት ውበት ግን በሆፕሱና በብቅሉ መጓተት ላይ ነው፤ ሆፕሱ ጨርሶ ከሄደ የሚቀረው ከባድ ጣፋጭ ብቻ ነው።

አብዛኛውን ጠርሙስ የሚያበላሸው ግን ዕድሜ ሳይሆን ሙቀት ነው። ከ10 እስከ 13 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ ጨለማ ቦታ፣ እንደቆመ። ማጋደም አይገባም፤ ቆርኪ እንደ ወይን ቡሽ መርጠብ አያስፈልገውም፣ ቢራው አየር የሚነካው ስፋት ይጨምራል፣ አተላውም ጎን ላይ ይጋገራል። ፍሪጅ ውስጥ አይበላሽም፣ ለውጡ ግን ይዘገያል። ከምድጃ በላይ ያለ ቁም ሳጥን የካርቶኑን ሽታ በወራት ያመጣዋል። ቡናማው ጠርሙስ ብርሃንን ይቀንሳል እንጂ አያግድም። የቆየውን ከሰው ስትገዙ የአንገቱን ልክ ተመልከቱ፤ ከጎኑ ካለው ጎድሎ ከታየ ወይም ቆርኪው ዝጎ ዙሪያው ከተጣበቀ ተዉት።

ከመክፈት በፊት አንድ ሁለት ቀን አቁሙት፣ አተላው ይሰፍራል። ከፍሪጅ ከሆነ ከ30 እስከ 40 ደቂቃ ውጭ ይቆይ፤ 13 ዲግሪ አካባቢ ይበቃዋል። በረዶ እንደሆነ ከተጠጣ ምሬትና አልኮል ብቻ ነው የሚገኘው። አፉ የጠበበ የኮኛክ ብርጭቆ ውስጥ ከ120 እስከ 150 ሚሊ ሊትር፣ በብርጭቆው ጎን አንሸራቶ፣ ሳያቋርጡ፤ አተላው ወደ አንገቱ ሲመጣ ማቆም። ጠርሙሱን እያቆሙ እያጋደሉ የሚቀዱ ሁለተኛው ብርጭቆ ላይ ጉሽ ያገኛሉ። አንድ ጠርሙስ ለሁለት ሰው ልክ ነው። የተለያየ ዓመት ጎን ለጎን የምትቀምሱ ከሆነ ከአሮጌው ጀምሩ፤ ትኩሱ ከቀደመ ምሬቱ ምላስ ላይ ተቀምጦ የሌሎቹን ለስላሳ ጣዕም ይሸፍናል። መሐል ላይ ውኃና ባዶ ዳቦ ይበቃል።

ከምግብ ሰማያዊ ሻጋታ ያለው አይብ፣ በተለይ ስቲልተን፣ በደንብ ይሄዳል፤ ጨዉ ጣፋጩን ያነሣዋል። ከዶሮ ወጥ ጋር ግን አትሞክሩት፤ አልኮሉ የበርበሬውን ማቃጠል ያባብሰዋል፣ የትኩሱ ምሬት ሲጨመርበት ደግሞ የወጡም የቢራውም ጣዕም ይጠፋል። ስድስት ከገዛችሁ አንዱን ወዲያው ቅመሱ፣ ሁለቱን በሦስተኛው ዓመት፣ ሁለቱን በአምስተኛው ክፈቱ፤ ዕጣ መሞከር የሚወድ የመጨረሻውን ይተወው።