ጂምፕ፣ ፎቶፒያ፣ ስናፕሲድ ወይስ አፊኒቲ፦ ለየትኛው ሥራ የትኛው?

ባለፈው ክረምት አንዲት እናት ደሴ ፒያሳ ወዳለችው ጠባብ ፎቶ ቤቴ በፌስታል የተጠቀለለ ጉርድ ፎቶ ይዘው መጡ። የሟች ባለቤታቸው ነው። ፎቶው ታጥፎ ከርሞ ስንጥቁ ከግንባር እስከ አገጭ ወርዷል። ቸኩዬ ስለነበር በስልኬ አነሳሁትና ስናፕሲድ በሚባለው የስልክ መተግበሪያ ላይ ስንጥቁን በጣቴ እየዳበስኩ አጠፋሁት። በኩራት ሳሳያቸው ትንሽ ዝም ብለው አዩና «ልጄ፣ ጠባሳውስ?» አሉኝ። ለካ ጉንጩ ላይ ትንሽ ጠባሳ ነበረች፤ ስናፕሲድ እንደ እድፍ ቆጥሮ አብሮ ጠርጓታል።

ማታ ጂምፕ በሚባለው የኮምፒውተር ፕሮግራም ደገምኩት። እዚያ የማደሻ ብሩሹ ቆዳውን ከየት እንደሚወስድ የሚነግረው ሰው ነው፤ ኮንትሮል ቁልፉን ይዞ ንጹሕ ቦታ ላይ መጫን፣ ከዚያ ስንጥቁን መቀባት። ስናፕሲድ ግን ምንጩን ራሱ ይመርጣል፣ ምርጫ አይሰጥም። በጂምፕ ሥራውን ፎቶው ላይ ሳይሆን ከላዩ ባነጠፍኩት የፎቶው ቅጂ ሌየር (ከላይ የሚደረብ ሽፋን) ላይ ስለሠራሁ፣ ጠባሳዋ አካባቢ ያበላሸሁትን ብቻ በላጲስ አነሳሁ። አርባ ደቂቃ ፈጀ። በስልክ ሁለት ደቂቃ ነበር።

ከዚያ ወዲህ «ከነፃ የፎቶ ማረሚያ ፕሮግራሞች የትኛው ይሻላል?» ለሚለኝ ሁሉ መልሴ ጥያቄ ሆኗል፦ ምን ልትሠራበት ነው? ኮምፒውተርህስ ስንት ራም አለው?

ሥራችሁ ቴሌግራምና ፌስቡክ ላይ የሚለጠፍ የዕቃ ፎቶ ከሆነ ኮምፒውተር አትፈልጉም። ሰኞ ገበያ ልብስ የምትሸጥ ደንበኛዬ ከስናፕሲድ ሌላ ነክታ አታውቅም። የጉግል ነው፤ ጉግል በ2012 የሠሪውን ኩባንያ ሲገዛ አብሮ ያገኘው። ማስታወቂያ የለውም፣ ፎቶው ላይ የራሱን ምልክት አያትምም። አንድ ቦታ ብቻ ነክቶ ማብራት ይቻላል፤ ጥላ ውስጥ የተነሳ ነጠላ ጥለቱ እንዲታይ ይህ ይበቃል። ካንቫ ደግሞ በተዘጋጀ ንድፍ ላይ ዋጋና ስም ጽፎ ለመለጠፍ ይፈጥናል፣ ሆኖም ነፃነቱ ግማሽ ነው። ባክግራውንድ በአንድ ጠቅታ ማጥፋትም ሆነ የራስን ፎንት መጫን የከፋዮች ነው። ኢንተርኔት ከሌለ ደግሞ ብዙም አይረዳችሁም።

ወደ ኮምፒውተር ስንመጣ ብዙ ሰው የሚፈልገው ጉርድ ፎቶ ነው። 3 በ4 ሴንቲ ሜትር የሆነ ጉርድ በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) 354 በ472 ፒክስል ይመጣል፤ 10 በ15 ወረቀት ላይ ሦስት በሦስት ተደርድሮ ዘጠኝ ይገባል። ለዚህ ፔይንት ዶት ኔት በቂ ነው። ዊንዶውስ ላይ ብቻ ይሠራል፣ ቀላል ነው፣ 4 ጊጋ ራም ባለው አሮጌ ላፕቶፕም አይንገዳገድም። ከራሱ ድረ ገጽ ሲወርድ ነፃ ነው፤ ማይክሮሶፍት ስቶር ላይ ያለው ያው ፕሮግራም ግን ይሸጣል፣ እንዳትሞኙ። ትልቁ ጉድለቱ ጽሑፍ ነው። ጽፋችሁ ሌላ ቦታ አንዴ ጠቅ ካደረጋችሁ ጽሑፉ ሥዕል ሆኖ ይደርቃል። «እንኳን ደስ አላችሁ» ውስጥ አንዲት ፊደል ብትሳሳቱ ያላችሁ ምርጫ ወደ ኋላ መመለስ ወይም እንደ አዲስ መጻፍ ነው። የሰርግ ካርድ በዚህ አትሥሩ።

ጂምፕና ፎቶፒያ ጽሑፉን በራሱ ሌየር ያስቀምጡታል፤ ነገ ተመልሶ ማረም ይቻላል። ከሁለቱ የቱ? ጂምፕ ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ያለ ክፍት (ኮዱ ለሁሉም የተለቀቀ) ፕሮግራም ነው። ምዝገባ የለው፣ ማስታወቂያ የለው፣ ለንግድ ብትጠቀሙበትም የሚጠይቃችሁ የለም። አንዴ በፍላሽ ከተጫነ ኢንተርኔት አያሻውም። በ2025 የወጣው 3.0 ላይ ደግሞ ብዙዎቹ ፊልተሮች ፎቶውን ሳይነኩ ከላይ ይቀመጣሉ፤ ሐሳባችሁን ስትቀይሩ ታጠፏቸዋላችሁ። 3.0 ዊንዶውስ 10 እና ከዚያ በላይ ይፈልጋል፤ አሁንም ዊንዶውስ 7 ላይ ያላችሁ 2.10ን ያዙ። ፎቶሾፕ የለመደ ሰው የመጀመሪያውን ሳምንት ይራገማል፤ እኔም ተራግሜያለሁ።

ፎቶፒያ በብሮውዘር የሚከፈት ነው፤ መልኩ ከፎቶሾፕ ስለሚመሳሰል እጅ ቶሎ ይለምደዋል። ፒኤስዲ (የፎቶሾፕን) ፋይል ሲከፍት ከጂምፕ ይበልጣል፤ የሰርግ አልበም ንድፍ በፒኤስዲ ለሚቀባበል ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። ፎቶው ወደ ሌላ አገር ሰርቨር አይሄድም፣ ሥራው እዚሁ ኮምፒውተራችሁ ላይ ነው። ገጹ አንዴ ከተከፈተ ዋይፋይ ቢቋረጥም ይቀጥላል። የሚከፈለው በማስታወቂያ ነው፣ በጎን በኩል ይቀመጣል። ባትሪው የሞተ ላፕቶፕ ካላችሁ ግን ተጠንቀቁ፤ መብራት ከጠፋ ያላስቀመጣችሁት ሥራ ከገጹ ጋር ይሄዳል።

የአማርኛ ፎንት ነገር ለሁሉም አንድ ነው፦ ዩኒኮድ (ፊደሉ በየትኛውም ኮምፒውተር ያው ፊደል ሆኖ የሚነበብበት አሠራር) ተጠቀሙ። ኢብሪማ ከዊንዶውስ 10 እና ከዚያ በላይ ጋር ይመጣል፣ ኒያላ እዚያ ላይ በተጨማሪነት የሚጫን ነው፤ አቢሲኒካና ኖቶ በነፃ ይወርዳሉ። ፎቶፒያ ላይ የፎንቱን ፋይል ጎትታችሁ ብትጥሉበት ይቀበላል፤ በፊደል ፈንታ ባዶ ሳጥን ካያችሁ መድኃኒቱ ይኸው ነው። በድሮዎቹ ዩኒኮድ ያልሆኑ ፎንቶች የተጻፈ ጽሑፍ ግን ፎንቱ የሌለበት ኮምፒውተር ላይ የላቲን ፊደል ግርግር ይሆናል።

አሁን ወደ ባነር። አንዴ ለጓደኛዬ ሱቅ በጂምፕ ደማቅ አረንጓዴ ባነር ሠርቼ፣ የሐረጎን ቁልቁለት ወርጄ ኮምቦልቻ አሳተምኩ። የወጣው የደረቀ ቅጠል መልክ ነው። ጥፋቱ የአታሚው አልነበረም። ስክሪን በአርጂቢ (በቀይ፣ በአረንጓዴና በሰማያዊ ብርሃን) ያበራል፣ ማተሚያ በሲኤምዋይኬ (በሲያን፣ በማጀንታ፣ በቢጫና በጥቁር) ቀለም ይቀባል፤ ስክሪን ላይ የሚንቦገቦገውን አረንጓዴ ቀለሙ ሊደርስበት አይችልም። ጂምፕ የኅትመቱን መልክ አስቀድሞ ማሳየት ይችላል (እኔ አላየሁትም እንጂ)፣ ግን ከሥር መሠረቱ የሚሠራው በአርጂቢ ነው። አፊኒቲ ከመጀመሪያው በሲኤምዋይኬ ያሠራል፤ ይሸጥ የነበረው ይህ ፕሮግራም በ2025 መጨረሻ በካንቫ እጅ ነፃ ሆኗል። ዋጋው አካውንት መክፈት ነው፣ የአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ መሣሪያዎቹም ለካንቫ ከፋዮች ብቻ ናቸው። ለሊኑክስ የለም። 4 ጊጋ ራም ላይ አልመክረውም፤ 8 ላይ ግን ባነርና መጽሔት ለሚሠራ ሰው ከነፃዎቹ የምመርጠው እሱን ነው። ጂምፕን የምወደው ቢሆንም።

በክራክ ፎቶሾፕ የምትሠሩም አላችሁ፤ አውቃለሁ። ከፍላሽ ወደ ፍላሽ ሲዞር ቫይረስ ይዞ ይዞራል፣ እኔ አንድ የሰርግ ፎልደር በዚህ አጥቻለሁ። የሙሽራዋን አባት ፊት ማየት ነበር የከበደኝ።

በካሜራ ሮው (ካሜራው ሳያቀናብር የሚያስቀምጠው ጥሬ ፋይል) የምታነሱ ከሆናችሁ፣ ከላይ ካሉት እንደ አፊኒቲ ሮው የሚከፍቱ ቢኖሩም፣ ለመጀመሪያው ደረጃ የምመርጠው ለዚሁ የተሠሩትን ነው። ዳርክቴብልና ሮው ቴራፒ ሁለቱም ነፃና ክፍት ፕሮግራሞች ናቸው። ደሴ ላይ ጥቅምቱ ሳይገባ የጦሳ ተራራ ጭጋግ ወርዶ ሙሽሮቹን ሲሸፍን፣ ሁለቱም ጭጋግ የሚገፍ መሣሪያ አላቸው፤ እስከ ጥግ ጎትታችሁ ነጩን ቬሎ እንዳታጠቁሩት ብቻ። ዳርክቴብል ጥሩ ግራፊክስ ካርድ ካገኘ ይፈጥናል፣ ካላገኘ ያንቀላፋል። ሮው ቴራፒ በፕሮሰሰር ብቻ ስለሚሠራ ካርድ ለሌለው ላፕቶፕ እሱን እላለሁ። ሁለቱም ያረማችሁትን የሚጽፉት ከፎቶው አጠገብ በሚቀመጥ ትንሽ ፋይል ነው፤ ፎልደሩን ወደ ሌላ ኮምፒውተር ስትገለብጡ ትንሿን ፋይል ከተዋችኋት እዚያ የምታገኙት ያልተነካውን ፎቶ ነው።