ወንድሜ በጥይት ሲመታ ከጎናችን ለቆመችው እኅታችን

ይህን ጽሑፍ ቀደም ብዬ መጻፍ ነበረብኝ። ልቤ እስኪረጋ ጠበቅሁ።

ታናሽ ወንድሜ ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ታክሲ ይነዳል። ባለፈው ታኅሣሥ አንድ ሌሊት ያሳፈራቸው ሁለት ወጣቶች ገንዘቡንና ስልኩን ቀምተው ሲወርዱ ትከሻውን በጥይት መቱት። ነፍሱ ተርፋለች፤ እግዚአብሔር ይመስገን።

በሦስተኛው ቀን አንዲት ሴት ወደ ሆስፒታሉ ክፍል ገብታ «እንዴት አደራችሁ?» አለች። በአማርኛ መሆኑን እንኳ ወዲያው ልብ አላልኩም። ወንበር ስባ ከአልጋው አጠገብ ተቀመጠች። መጀመሪያ የጠየቀችው እንቅልፍ ወስዶት እንደሆነ ነው፤ ስለ ሌቦቹ አንድም ቃል አላነሳችም። ሥራዋ የወንጀል ተጎጂዎችን መርዳት ነው።

የካሳ ማመልከቻ እንሙላ ስትለው ወንድሜ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። «እኔ ሠርቼ የምበላ ሰው ነኝ፤ የመንግሥት እጅ አላይም» አለ። እርሷም ሳትቆጣ አስረዳችው። የአሜሪካ የወንጀል ተጎጂዎች ፈንድ በ1984 በወጣ ሕግ የተቋቋመ ነው። ገንዘቡ በዋናነት የሚሰበሰበው በፌዴራል ወንጀል ጥፋተኛ የተባሉ ሰዎችና ድርጅቶች ከሚከፍሉት ቅጣት እንጂ ከግብር ከፋዩ ኪስ አይደለም። «ይህ ምጽዋት አይደለም ወንድሜ፤ አጥፊዎች የከፈሉት ነው» ስትለው ተመልሶ አያት። ብዕሩን በግራ እጁ ይዞ፣ በምግብ ማቅረቢያዋ ጠረጴዛ ላይ እየተንቀጠቀጠ ፈረመ።

ዲሲ ውስጥ ካሳው የሚጠየቀው በከተማዋ ፍርድ ቤት ሥር ካለው የወንጀል ተጎጂዎች ካሳ ፕሮግራም ነው። የሕክምና ወጪን፣ የሥነ ልቦና ምክርን፣ ከሥራ በመቅረት የታጣን ገቢ፣ ሰው ሲሞት ደግሞ የቀብር ወጪን ይሸፍናል። የተሰረቀ ስልክና ገንዘብ ግን አይተካም። ኢንሹራንስ ካለ ቅድሚያ እርሱ ይከፍላል፤ ፕሮግራሙ የሚገባው ሌላው በር ሁሉ ከተንኳኳ በኋላ ነው። እኛን ያስጨነቀን የገቢ ማስረጃው ነበር፤ የታክሲ ነጂ የደመወዝ ወረቀት ከየት ያመጣል? ያለፈውን ዓመት የግብር ሰነድ እንድንፈልግ አድርጋ፣ ከሐኪሙ ደብዳቤ ጋር አያይዛ አስገባችው። ፖሊስ ለማስረጃ የወሰደውን ጃኬት እንኳ አልረሳችም። በማስረጃነት የተያዘ ልብስ እንደሚተካ ከእርሷ በፊት ማን ነግሮን ያውቃል?

በመካከሉ አንድ ዕዳ ሰብሳቢ ድርጅት ስለ ሕክምናው ሂሳብ በየቀኑ እየደወለ ያስፈራራን ጀመር። ወንድሜ ስልክ ሲጮህ መደንገጥ ጀምሮ ነበር። የካሳ ማመልከቻው በመታየት ላይ መሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤ በዚያው ዕለት ጽፋ ላከችላቸው፤ ደዋዮቹም ዝም አሉ። ያን ቀን ማታ ወንድሜ ከጉዳቱ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ እንጀራውን ጨርሶ በላ።

የእርሷ ደመወዝ ራሱ የሚከፈለው ከመንግሥት ድጋፍ ነው። የዲሲ የተጎጂዎች አገልግሎትና የፍትሕ ድጋፎች ቢሮ የፌዴራሉንና የከተማዋን ገንዘብ እንደ እርሷ ላሉ ሠራተኞች መቅጠሪያ ለግብረ ሰናይ ድርጅቶች ያከፋፍላል። ወደ ፌዴራሉ ፈንድ የሚገባው ቅጣት እየቀነሰ በመምጣቱ የአሜሪካ ምክር ቤት (ኮንግረስ) በ2021 ሕጉን አሻሽሎ፣ ክስ ሳይቀጥል በስምምነት ከሚያልቁ ጉዳዮች የሚገኘው ገንዘብም እንዲገባ አድርጓል። ቢሆንም ድጋፉ በየጊዜው ይታደሳል፤ ካልታደሰ ወንበሩ ባዶ ይሆናል። ይህ በጣም ያሳዝነኛል። ሌሊት የሚሠራ ወገን በበዛበት ከተማ አማርኛ የምትናገር አንዲት እንዲህ ያለች ሠራተኛ ማጣት ቀላል አይደለም።

ስሟን እንዳልጠራ ለምናኛለች። እናንተ ግን ጉዳት ከደረሰባችሁ ለፖሊስ አመልክቱ፣ የሪፖርቱን ቁጥር ያዙ፣ ሆስፒታል ስትገቡም «የወንጀል ተጎጂዎችን የሚረዳ ሠራተኛ ጥሩልኝ» በሉ። ከዲሲ ውጭ ብትሆኑም በየግዛቱ የካሳ ፕሮግራም አለ። እንግሊዝኛ ካስቸገራችሁ አስተርጓሚ ጠይቁ እንጂ ልጆቻችሁን አታስተርጉሙ፤ ልጅ የማይሰማው ነገር አለ።

እኅቴ፣ ይህ ከደረሰሽ እናታችን ከአዲስ አበባ በርበሬና ሽሮ ልካልሻለች። ስጦታ መቀበል እንደማይፈቀድልሽ ነግረሽናል፤ ስለዚህ ቤት መጥተሽ አብረሽን ብዪ። ወንድሜም መሪውን በሁለት እጁ መያዝ ጀምሯል።