ትልቁ ድቅል ቲማቲም ወይስ ሮማ? ለጅማ ጓሮ

ለጓሮዬ ዘር ስመርጥ እነዚህ ሁለት የቲማቲም ዓይነቶች ሁልጊዜ ልቤን ይከፍሉታል።

እንደ ቢግ ቢፍ ያለው ትልቁ ድቅል (ሁለት ዝርያዎች ተዳቅለው የተገኘ) አንዱ ፍሬ ብቻ 300 ግራም ገደማ ስለሚመዝን ለቤተሰብ ሰላጣ ይበቃል። ሆኖም ማደጉን አያቆምም፤ ከሰው ቁመት የማያንስ ጠንካራ ድጋፍ ይፈልጋል፣ የጎን ቀንበጡም በየሳምንቱ መነቀል አለበት። ውኃው አንዴ በዝቶ አንዴ ከጎደለ ፍሬው ይሰነጠቃል። የጅማ ክረምት ቅጠሉን ሲያርሰው ስለሚውል በሽታው ይበረታል፤ ዝናቡ ሲያባራ ቢተከል ይሻላል።

ሮማ አጭር ነው፤ ፍሬው ትንሽ ቢሆንም ሥጋው ወፍራም ስለሆነ ለወጥ የሚስተካከለው የለም! ዘሩን አስቀምጬ ብዘራው ያንኑ ይሰጠኛል። የድቅሉ ዘር ግን ቢዘራ የተለያየ ፍሬ ስለሚያወጣ በየዓመቱ መግዛት ግድ ነው።

እኔ ሮማ ቲማቲምን እመርጣለሁ፤ በአጥሩ ጥግ ግን ለሁለት የድቅል ችግኞች ቦታ እተዋለሁ።