«ሱፒሪየር ስፓይደርማን» ወይስ «ዋን ሞር ዴይ»፦ የትኛውን ቢገዙ ይሻላል?

የስፓይደርማንን ኮሚክ (በሥዕል የሚተረክ መጽሔት) የሚያነቡ ወዳጆቼ ደጋግመው የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው፤ አንባቢ ካወገዛቸው ሁለት ታሪኮች፣ ማለትም እ.ኤ.አ. በ2007 ከወጣው «ዋን ሞር ዴይ» እና በ2013 መጀመሪያ ላይ ከጀመረው «ሱፒሪየር ስፓይደርማን»፣ ገንዘብ ሊወጣበት የሚገባው የትኛው ነው ይሉኛል። እኔ ያለማመንታት ሁለተኛውን እላለሁ።

ከዋጋው ልጀምር። «ዋን ሞር ዴይ» አራት ቁጥር (እትም) ብቻ ስለሆነ ርካሽ ይመስላል፤ ቁጥሮቹን በአንድ ላይ የያዘውን ያገለገለ ጥራዝ በ14 ዶላር ገዝቼ በአንድ ምሽት ጨረስኩት። «ሱፒሪየር» 31 ቁጥር ሲሆን አብዛኞቹ በወጡበት ጊዜ እያንዳንዳቸው በ3 ዶላር ከ99 ሳንቲም ይሸጡ ስለነበር፣ ሁሉንም በየወቅቱ የገዛ ሰው ከ120 ዶላር በላይ አውጥቷል። እኔ ግን ያገለገሉትን ሁለት ወፍራም ጥራዞች በ58 ዶላር አገኘኋቸው። ሒሳቡ ሲሠራ የመጀመሪያው ታሪክ ለአንድ ቁጥር 3 ዶላር ተኩል፣ ሁለተኛው ደግሞ ከ2 ዶላር በታች አስወጥቶኛል።

እዚህ ላይ የደረስኩት ግን ከከሰርኩ በኋላ ነው። የ«ሱፒሪየር»ን የመጀመሪያ ጥራዝ ቀደም ሲል ከማላውቀው ሻጭ በኢንተርኔት በ11 ዶላር ገዝቼ ነበር፤ እሽጉን ስፈታው ከኦሪጅናሉ ላይ ስካን ተደርጎ የታተመ ፎርጅድ ሆኖ አገኘሁት። የልብሱ ቀይ ቀለም ወደ ቡናማ ሄዷል፤ የስፓይደርማንን አካል የወሰደው ጠላቱ የኦቶ፣ ማለትም የዶክተር ኦክቶፐስ፣ ሐሳብ በሚጻፍባቸው ትንንሽ ሣጥኖች ውስጥ ያሉት ፊደላትም ደብዝዘዋል። በዚህ ታሪክ ኦቶ በአፉ አንድ ነገር እየተናገረ በልቡ ሌላ ስለሚያስብ፣ ሣጥኖቹ ካልተነበቡ የታሪኩ ግማሽ ጠፋ ማለት ነው። ብዙም ሳይቆይ ማጣበቂያው ተሰነጣጥቆ ገጾቹ ይረግፉ ጀመር። ኮላ ቀብቼ ከመዝገበ ቃላት ሥር አሳደርኩት፤ ኮላው ግን ወደ ውስጥ ሰርጎ አራት ገጾችን አጣበቀ፣ ሳላቅቃቸውም ተቀደዱ። ከተቀደዱት አንዱ ኤሚ ቼን የተባለችው ትንሽ ልጅ፣ በቀዶ ሕክምና ላዳናት ኦቶ የፔንግዊን አሻንጉሊቷን የምትሰጥበት የቁጥር 8 ገጽ ነበር። ስለዚህ ገዢ ከመክፈሉ በፊት የአንድ የውስጥ ገጽ ፎቶ ይጠይቅ፤ ሻጩ ካልላከለት ይተወው። በተጨማሪም የኦቶና የፒተር ፓርከር፣ ማለትም የስፓይደርማን፣ አእምሮ የሚለዋወጠው ከዚያ በፊት በነበረው «አሜዚንግ ስፓይደርማን» ከቁጥር 698 እስከ 700 ባለው ክፍል ስለሆነ፣ እነዚህ ቁጥሮች በጥራዙ ውስጥ መካተታቸውን ያረጋግጥ። የ2012ቱን ቁጥር 700 ለብቻው ለመግዛት በጊዜው 7 ዶላር ከ99 ሳንቲም ይጠየቅ ነበር።

«ፒተር የሌለበትን ስፓይደርማን ለምን እገዛለሁ?» የሚለው ቅሬታ ከልብ የመነጨ እንደሆነ አውቃለሁ። ዶክተር ኦክቶፐስ የፒተር ፓርከርን አካል ወስዶ ፒተር በእርሱ የደከመ ገላ ውስጥ ሲሞት ብዙዎች ተቆጥተዋል፤ ጸሐፊው ዳን ስሎት የግድያ ዛቻ እስከ መቀበል ደርሷል። ነገር ግን ፒተር በሞቱ ሰዓት ትዝታውን ለጠላቱ አስተላልፎለታል፤ ታሪኩ በሙሉ የሚጠይቀውም ያንን ትዝታና ያንን ኃላፊነት የተሸከመ ክፉ ሰው ምን ይሆናል የሚለውን ነው። ኦቶ ፒተር ያልጨረሰውን የዶክትሬት ትምህርት ይጨርሳል፣ ከተማዋን በሸረሪት ሮቦቶች ይጠብቃል፣ አና ማሪያ ማርኮኒን ያፈቅራል፤ ሆኖም ማሳከር የተባለውን ወንጀለኛ ተኩሶ ይገድላል፣ በሮቦቶቹ ላይ የጣለው እምነትም ጎብሊን የተባለው ወንጀለኛ ሠራዊት ከዓይኑ ተሰውሮ እንዲያድግ በር ይከፍታል። የጀግኖቹ ቡድን አቬንጀርስ እንዲህ የተለወጠን ባልደረባ መርምረው መልቀቃቸው ደካማ ክፍል ነው፤ በዚህ ከተቺዎቹ ጋር አልከራከርም።

«ዋን ሞር ዴይ»ን የማልመክረው በዚሁ መለኪያ ነው። ፒተርና ሜሪ ጄን በጥይት የተመታችውን አክስት ሜይን ለማትረፍ በ1987 የመሠረቱትን ትዳር ሜፊስቶ ለተባለው ሰይጣን ይሰጣሉ፤ ከዚያም ትዳሩ ከሁሉም ትዝታ ይጠፋል። ሰው የከፈለውን ዋጋ ካላስታወሰው በቀጣዩ ሕይወቱ ምን ሊማርበት ይችላል?

በ«ሱፒሪየር» ግን ኦቶ በቁጥር 9 በጭንቅላቱ ውስጥ የቀረችውን የፒተርን ነፍስ ያጠፋ ይመስለዋል፤ ብዙ አንባቢ መጽሐፉን የጣለው እዚህ ላይ ነው። በቁጥር 30 አና ማሪያ በጎብሊን እጅ ስትወድቅ፣ ያው ኦቶ ሊያድናት የሚችለው ፒተር እንደሆነ አምኖ የራሱን አእምሮ አጥፍቶ አካሉን ይመልስለታል። ስለዚህ ገንዘቡ ለአንድ ጥራዝ ብቻ የሚበቃ ሰው የ«ሱፒሪየር»ን ሁለተኛ ጥራዝ ለብቻው አይግዛ፤ በመጀመሪያው ይጀምርና ለቀሪው ያጠራቅም፤ ቁጥር 9ን ያላነበበ ሰው ቁጥር 30ን አንብቦ አይረዳውም።