ኮምፒውተር ያላወቀው ሚሞሪ ካርድ፦ በካርድ ሪደር ወይስ በስልኩ ገመድ?

ካርዱ ስልክ ላይ እየሠራ ኮምፒውተር እምቢ ካለው፣ መጀመሪያ ሪደሩን፣ ማለትም ካርዱን ከኮምፒውተር ጋር የሚያገናኘውን ትንሽ መሣሪያ፣ ተጠራጠሩ። ከ32 ጊጋ በላይ የሆኑ ካርዶች ኤስዲኤክስሲ (SDXC) የሚባል በኋላ የመጣ የካርድ ዓይነት ናቸው፤ ብዙ አሮጌ ሪደሮች አያነቧቸውም። እንዲህ ሲሆን ገመዱ ይሻላል፤ ካርዱን የሚያነበው ስልኩ ራሱ ነውና። ገመዱ ቻርጅ ብቻ የሚያደርግ እንዳይሆን እዩ፣ ስልኩ ላይም «ፋይል ትራንስፈር» የሚለውን ምረጡ። ካርዱ የስልኩ የውስጥ ሚሞሪ እንዲሆን ፎርማት ተደርጎ ከነበረ ደግሞ ምርጫ የለም፦ ስለተመሰጠረ ሪደር ላይ ባዶ ወይም የተበላሸ ይመስላል፣ የሚከፈተው በዚያው ስልክ ብቻ ነው።

ስልኩም ካላነበበው ግን ገመድ ዋጋ የለውም። የጠፋ ፋይል የሚፈልጉ ፕሮግራሞች ካርዱን በቀጥታ ማግኘት አለባቸው፤ ይህን የሚሰጠው ሪደር ነው። ከካርዱ ጀርባ ያሉትን 8 ወርቃማ መስመሮች አልኮል በነካ ጥጥ ቀስ ብላችሁ ጥረጉ፣ በደንብ ይድረቅ፣ ከዚያ ሰኩት። ዊንዶውስ ላይ ዲስክ ማኔጅመንትን (Disk Management፣ የተሰኩ ዲስኮችን ሁሉ የሚያሳየውን መስኮት) ክፈቱ፤ ካርዱ እዚያ ከታየና የድራይቭ ፊደል (እንደ E: ያለው) ብቻ ከጎደለው ፊደል ስጡት፣ ይከፈታል። «ፎርማት ይደረግ?» ብሎ ሲጠይቅ ግን እባካችሁ እሺ አትበሉ፤ አስቀድሞ ፎቶዎቹ ይውጡ።