ራምብል 40 ወይስ ራምብል 500?

ደብረ ብርሃን ተቀምጦ ሸዋ ሮቢት ሠርግ ላይ ቤዝ ጊታር የሚጫወት ሰው፣ አምፕ (የጊታሩን ድምፅ ማጉያ) ሲገዛ መጀመሪያ የሚያስበው ስለ ወገቡ ነው። የፌንደር ራምብል 40 ክብደቱ 8 ኪሎ ገደማ ነው። ጣርማበርን በሚኒባስ ስትወርድ ጉልበትህ ላይ ታስቀምጠዋለህ። ሄድፎን ሰክተህ ሌሊት ብትለማመድም አከራይህ በር አያንኳኩም።

ጣጣው ድራም ሲገባ ነው። የቤዝ ወፍራሙ ክር ሳይያዝ ሲመታ በሰከንድ 41 ጊዜ ገደማ ይርገበገባል። ይህን ወፍራም ድምፅ ድንኳን ሙሉ ማድረስ ለአንድ ባለ 10 ኢንች ስፒከር ይከብደዋል። ድምፁን ስትጨምርለት ማጉረምረም ይጀምራል።

ራምብል 500 ባለ 10 ኢንች ሁለት ስፒከር አለው፤ 16 ኪሎ ተኩል ገደማ ይመዝናል። ረዳቱ የዕቃ ሂሳብ መጠየቁ አይቀርም! ስሙ ግን አያታልልህ። ብቻውን የሚሰጠው 350 ዋት ነው። 500 የሚሞላው ተጨማሪ ስፒከር ሲገጠምለት ነው። ለሠርግ 350ውም ይበቃል።

እኔ ብሆን የምጫወትበት ቦታ ሚክሰርና ደህና ሳውንድ ሲስተም ካለ 40ውን እይዛለሁ። ከጀርባው በኤክስኤልአር (በማይክ) ገመድ ወደ ሚክሰሩ እልከዋለሁ፤ አምፑ ለራሴ ጆሮ ብቻ ይሆናል። ሚክሰር ከሌለ ግን 500ውን ተሸክሜ እወርዳለሁ።